ጀልባው የማይደርስበት ዳርቻ

ስልኬ ላይ የሚመጡልኝ የጀልባ ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ግሪክ ይሁን ታይላንድ ለውጥ የለውም፤ ትንሽ ጀልባ፣ ሁለት ፍቅረኛሞች፣ አንድ ነጂ። ጀልባዋ በገደል ሥር ባለ ዋሻ አፍ ትገባለች፣ ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ ከዚያ ነጭ አሸዋ የለበሰ ባዶ ዳርቻ ይመጣል። ሁለት ሰዓት፣ የግል ጀልባ፣ ሌላ ሰው የሌለበት። ውሃው እስከ ታች ድረስ ስለሚታይ ጀልባዋ አየር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች።

እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም። ግን ደብረ ታቦር ያደገ ሰው «ባሕር» ሲባል አይቸገርም፤ ወደ ምዕራብ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ስሟ ራሱ የባሕር ዳርቻ የሆነ ከተማ ይደርሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ። ስለዚህ ወደ ሐይቁ መሄድ ለኛ መውረድ ነው። ጃኬት ለብሰህ መናኸሪያ ትሳፈራለህ፣ ዓለም በርን አልፈህ ፎገራ ሜዳ ላይ ስትደርስ ታወልቀዋለህ፣ ባሕር ዳር ስትገባ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቋል።

እንደ ቪዲዮዎቹ ያለ የግል ጀልባ የተከራየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት። አብሮኝ የነበረው ሰው ግን ፍቅረኛ ሳይሆን አጎቴ ነበሩ። አጎቴ ፋርጣ ውስጥ፣ ጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ለዘመድ ሠርግ ባሕር ዳር ወርደው፣ «እዚህ ድረስ መጥቼ ኪዳነ ምሕረትን ሳልሳለም አልመለስም» አሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ላይ ናት። የሕዝብ ጀልባው ጠዋት ሄዷል። የቀረን ከወደቡ ላይ ከሚጣሩት ልጆች ጋር መከራከር ነበር። ዋጋውን ሲሰሙ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄማ የሁለት ኩንታል ድንች ዋጋ ነው፤ ለመቀመጫ?» አሉ። ቢሆንም ገባን። እሳቸው ጋቢያቸውን በብርቱካናማው ላይፍ ጃኬት ላይ ደርበው ከፊት ተቀመጡ።

ዘጌ ለመድረስ በዚያ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደንገል የጫኑ ታንኳዎች በጎናችን ያልፋሉ፤ ቀዛፊው ራሱ ውሃው ውስጥ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ፔሊካኖች በሰልፍ ይንሳፈፋሉ። እኔ ፎቶ አነሳለሁ። አጎቴ ግን ከጀልባው ጎን ጎንበስ ብለው ውሃውን ብቻ ያያሉ። ነጂው፣ ካፒቴን የሚሉት ወጣት፣ የፈሩ መሰለው።

«አባባ አይፍሩ፣ ማዕበል የለም።»

«ማዕበሉን አይደለም ልጄ። እንዲህ ያደፈረሰው ምንድነው?»

«ክረምቱ ነዋ አባባ። ጉማራና ርብ ይዘውት የሚመጡት ነው። እስኪጠል ጊዜ ይፈልጋል።»

አጎቴ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና መዳፋቸውን አዩት። «የኛ ነዋ» አሉ።

በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ የቀረብኝ ይሄ ቃል ነው፤ ምክንያቱም ቃል በቃል እውነት ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆም ተራራ ነው። ርብም ጉማራም ከሱ ይነሣሉ፤ በፋርጣ፣ በፎገራና በደራ ወርደው ጣና ይገባሉ። ከግልገል አባይና ከመገጭ ጋር ሆነው ሐይቁ ከሚቀበለው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ደብረ ታቦር ጣሪያ ላይ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ ብዙው ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ይዞት የሚወርደውም አፈር እንዲሁ።

ጣና ደግሞ ሲያዩት የሚመስለውን ያህል ጥልቅ አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውሃ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከጉድጓድ ይልቅ ምጣድ ይመስላል። ምጣድ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ጉማራ ሐይቁ ውስጥ ደለሉን እየከመረ እንደ ጣት የሾለ አዲስ መሬት ሠርቷል፤ የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ ምሥራቃዊውን ዳርቻ ብታዩ ታገኙታላችሁ። እንደ ቪዲዮዎቹ «ውሃው እስከ ታች ድረስ ይታያል» ለማለት መጀመሪያ ከላይ የሆነ ሰው አፈሩን መያዝ አለበት።

ዘጌ ስንወርድ አጎቴ ሌላ ዓለም ውስጥ የገቡ መሰሉ። ከመውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ጥላ ነው፤ ከላይ ትልልቅ የአገር ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ከፈጣሪ ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ የዘጌ ሰው መሬቱን በበሬ አያርስም፣ ከብትም አያረባም፣ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ይኖራል። ለዚያ ነው ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር ዘጌ ጫካ ሆኖ የቀረው። ሰው እዚህ የሚመጣው ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ነው፤ መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈኑት ቅዱሳን፣ ፈረሰኞችና ሰማዕታት በእርግጥም ያስደምማሉ። አጎቴም ተሳለሙ፣ ጸለዩ፣ ሥዕሎቹን በዝግታ አዩ። ስንወጣ ግን ከመንገዱ ዳር ቆመው ቅጠሉን በጫማቸው ገለጥ አድርገው አንድ እፍኝ አፈር አነሡ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እርጥብ ነው። አሸተቱት።

«የታደሉ ናቸው፣ አያርሱም» አልኳቸው።

«እህሉን ከየት ያመጡታል ታዲያ?» አሉ። «ቡናቸውን ሸጠው ይገዛሉ። እነሱ እንዳያርሱ ሌላው አርሶላቸው ነው።»

ቅሬታ አልነበረም፤ ሒሳብ ነው። የጉና ገበሬ ተዳፋቱን የሚያርሰው መሬት መታጠቡን ስለማያውቅ አይደለም፤ ሜዳው ስላለቀ ነው። ደግሞም የሚታጠበው ሁሉ ጥፋት አይደለም። የፎገራ ሜዳ የሆነው ሁሉ ከላይ በወረደ አፈር ነው፤ ዛሬ በአገሪቱ ከሚታወቁት የሩዝ መሬቶች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ችግሩ መጠኑ ነው። ሜዳው ጠግቦ የተረፈው ሐይቁን ሲሞላ ሒሳቡ ይዛባል።

የታሪክ ሰዎችም ከላይ ሆነው ሐይቁን ሲያዩ ያዩት ፊቱን ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት አጼ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ሰፍረው ሳለ፣ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው በጎኑ በእጅ የሚዞር መቅዘፊያ ጎማ አስገጥመው ነበር፤ የእንፋሎት መርከብን ለመምሰል። እዚያ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። ሐሳቡ ውሃውን መሻገር ነበር። ከዚያ ወዲህም ከሐይቁ የምንፈልገው ነገር ጨመረ እንጂ ወደ ላይ አልተመለከትንም።

በመልሱ ጉዞ ካፒቴኑ ወደ አባይ መውጫ ወሰደን። ሁለት ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ አውጥተው ያዩናል። ውሃው እዚህ ሐይቅ መሆኑን ትቶ ወንዝ ይሆናል፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. የተሠራው መቆጣጠሪያ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ጣቢያ ውሃውን በመሬት ውስጥ ዋሻ አሳልፎ ኃይል ያመነጫል፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ይሄንን ለአጎቴ ስነግራቸው ሰሙኝና፣ «እና እኛ መንደር መብራት የሌለው ለምንድነው?» አሉ። ካፒቴኑ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልስም አልነበረኝም።

ከዚያ ስለ እርከን አወሩለት። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የቀበሌው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። ለተወሰኑ ሳምንታት ያለ ክፍያ ድንጋይ ይከምራል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ለክረምቱ የሚተከል ችግኝ ጉድጓድ ያዘጋጃል። የተፋሰስ ልማት ይባላል። ያልወጣ ይቀጣል። «ለመሬታችን ነው ይሉናል፤ ልክ ነው ለመሬታችንም ነው» አሉ አጎቴ። «ግን አሁን ሳየው ለናንተም ኖሯል።»

ካፒቴኑ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ፣ «እውነትዎን ነው አባባ» አለ።

እኔን ያሰበኝ እዚህ ላይ ነው። ለዚያች ጀልባ ከፈልን። ለቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ እኔ ከፈልኩ። በመብራት በኩል አገሩ ሁሉ ይከፍላል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ኮራን። ውሃው ከምንጩ ጀምሮ ጥሩ ሆኖ እንዲወርድ በየዓመቱ ወገቡን የሚያጎብጠው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከታች ነው፣ ሥራው ያለው ከላይ ነው።

ጀልባ የሚዞርበት የደቡቡ ጥግ ደግሞ ይሄንን እንዳናይ ያደርጋል። ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ክብራን፣ አባይ መውጫ፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ ፎቶው ያምራል። ሌላው ዳርቻ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም፣ በማንም የጉብኝት ዝርዝር ውስጥ የለም። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተንሰራፋው ግን በዚያ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። እምቦጭ የሚወደው ጥልቀት የሌለው፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና ደለል የጠገበ ውሃ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም እንልክለታለን። እኛ ዘጌ በሄድንበት ሰሞን እዚያ ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ይነቅሉት ነበር። ማሽን መጣ፣ ዘመቻ ታወጀ፣ ገንዘብ ተዋጣ። አረሙ ይቀንሳል፣ ክረምት ሲመጣ ይመለሳል። ከላይ የሚመጣለት ምግብ እስካልቆመ ድረስ ይመለሳል።

ሽቅብ የሚወጣ ነገር ካለ ዓሣው ነው። ጣና ውስጥ ባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች 15 ገደማ ዝርያ አላቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከነሱ በርካቶቹ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው፣ ወይም አፉ ላይ መረብ ከተዘረጋ፣ የዚያ ዓመት ትውልድ የለም። ዓሣው ሐይቁ የት እንደሚጀምር ከኛ ይልቅ ያውቃል ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ጦርነት ጀልባዎቹን ባዶ አድርጓቸዋል። ያ ካፒቴን ዛሬ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። አጎቴ አሁንም ያርሳሉ። ሰላም ሲሆንና ጎብኚው ሲመለስ፣ ከየጀልባው ኪራይ ላይ ትንሽ ተቀንሳ ለጉና እርከን ብትውል ለተከራዩ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው፤ በጥር ዶማ ይዞ ለሚወጣው ሰው ግን ሥራው እንደታየለት ምልክት ነው። መብራቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱንም የሚመልስ ይኖር ይሆናል።

ጓደኞቼ ጣናን እንዴት እንደሚጎበኙ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይሄንን ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከባሕር ዳር አትጀምሩ። ደብረ ታቦር እደሩ፤ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ። ጠዋት ጉናን እዩት፣ ተዳፋቱ ላይ የተከመረውን ድንጋይ እዩት። ከዚያ ውረዱ። ወረታን አልፋችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትታጠፉ የጉማራ ድልድይ ላይ ሹፌሩን አስቁሙት። ውሃው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ተመልከቱ። ጀልባውን ከዚያ በኋላ ተከራዩ።