የእኅቴ ሥራ

ባለፈው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛዬ «እኅትህ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች በኋላ ምን ትሠራለች?» ብሎ ቢጠይቀኝ «በትልቅ ሆስፒታል ዶክተር ናት» ብዬ መለስሁለት። ይህ እውነት አልነበረም። ዛሬ በመጽሔታችን ላይ ይህን ጽሑፍ ለማውጣት የተነሣሁት ያንን ውሸት ለማረም ነው።

እኅቴ በ2015 ዓ.ም. ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና ተመረቀች። በዚያ ቀን አባቴ በግ አርዶ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ ነበር። የተመደበችው ግን ከአስፋልት ወጥቶ ብዙ በእግር በሚያስኬድ አገር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። በዓል ሲሆን ጫማዋ አቧራ ለብሶ ስትመጣ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ እጅ መታጠብ ለመናገር ነው?» ትላት ነበር። እኔም በልቤ አፍርባት ነበር።

እርሷ አትቆጣም፤ የተማረችበትን ቤት ታሪክ ብቻ ታጫውተናለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት ያሠለጥን ጀመር። ተማሪዎቹም እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ሥራውን ይለማመዱ ነበር። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለእነርሱ የዕለት ሥራ ሆነ።

ዘንድሮ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እኅቴ ዘንድ ሄጄ አንድ ሳምንት ሰነበትሁ። ጧት ጧት ከሁሉ አስቀድማ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ከፍታ ሙቀቱን ታያለች፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጣም በወረቀት ላይ ትጽፋለች። ከሰዓት በኋላም እንደገና ታያለች። ክትባት ከሞቀ ወይም በረዶ ከሠራ ይበላሻልና። ከዚያ መዝገቡን ገልጣ ቀጠሮው አልፎበት ያልመጣ ልጅ እንዳለ ትፈልጋለች።

ማክሰኞ ዕለት እንዲህ ያለ አንድ ስም አገኘች። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ይህ ልጅ ሁለተኛውን አልወሰደም ነበር። እኅቴና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባቱን ሣጥን ይዘው ወጡ፤ እኔም ተከተልሁ። ዳገቱን አንድ ሰዓት ያህል ወጥተን ከቤቱ ደረስን።

የልጁ እናት «ልጄ ምንም አልሆነ፤ ጤነኛውን ልጅ ስለ ምን ትወጉብኛላችሁ?» አለች። እኅቴ አልተከራከረቻትም። መደብ ላይ ተቀምጣ ቡናው እስኪፈላ ጠበቀችና «እታለም፣ በ9 ወራቸው ከሚከተቡት 100 ልጆች 15 ያህሉን የመጀመሪያው ክትባት ብቻውን አይከላከልላቸውም። ያንቺ ልጅ ከ15ቱ አንዱ ይሁን አይሁን ሳይታመም በፊት እኔም አንቺም ለይተን አናውቅም» አለቻት። ሴትየዋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በኋላም ከዚህ ልጅ በፊት የወለደችው አንድ ልጅ በኩፍኝ እንደ ሞተባት ነገረችን። ልጁንም አንሥታ በእኅቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ልጁ አለቀሰ፤ ተከተበ፤ እኛም ተመለስን።

በመንገድ ላይ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተሽ ያመሰገነሽ የለም፤ አያሳዝንሽም?» አልኋት። ሣቀችና «ሐኪም በሽተኛውን ሲያድን ምስጋናውን ከበሽተኛው አፍ ይሰማል። ያልታመመ ልጅ ግን ምን ብሎ ያመሰግነኛል? ዓመቱን ሙሉ በኩፍኝ የሚመጣ ልጅ ካጣሁ ምስጋናዬ እርሱ ነው» አለችኝ።

ነገሩን ቆይቼ አሰብሁት። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከተራራ ተራራ በእግራቸው እየዞሩ የከተቡትን ሰዎች ስም ከእኛ ክፍል የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ፊቱን ፈንጣጣ ያበላሸው ተማሪ አንድም የለም።

ውድ ጓደኞቼ፣ ሐኪምነት ክቡር ሙያ ነው፤ ሐኪም ለመሆን የምትመኙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። እናቴም አሁን በመዝገቡ ስለ ተገኘው ልጅ ከነገርኋት ወዲህ ስለ መጸዳጃው ጉድጓድ መናገሯን ትታለች። እኔ ደግሞ ያን ጓደኛዬን በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እኅቴ የትልቅ ሆስፒታል ዶክተር አይደለችም። በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ የጤና መኮንን ናት፤ እኔም እኮራባታለሁ።