ክንዱን ከማረም በፊት እግሩን ማየት

ማለዳ መስቀል አደባባይ ወይም ጃን ሜዳ ብቅ ያለ ሰው የአሰልጣኞችን ጩኸት ያውቀዋል። «እጅህን አውርድ!» «ትከሻሽን ልቀቂ!» ልጁ ለጥቂት ሜትሮች የተባለውን ያደርግና ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ «ይሄ ልጅ አይሰማም» ይባላል። ልጁ ይሰማል። ችግሩ ትእዛዙ ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን ማሳደዱ ነው።

ክንድ በሩጫ ላይ ሥራ አለው። ቀኝ እግር ወደ ፊት ሲወረወር ዳሌን ወደ ግራ ያዞራል፤ ይህን መዞር የሚያካክሰው አብሮ ወደ ፊት የሚሄደው ግራ ክንድ ነው። አሬላኖና ክራም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሯጮች እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ሲሮጡ 3 በመቶ፣ ደረታቸው ላይ ሲያጣምሩ 9 በመቶ፣ አናታቸው ላይ ሲጭኑ ደግሞ 13 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት አውጥተዋል። ስለዚህ ቀኝ ክንዱ ደረቱን አቋርጦ የሚወዛወዝ ልጅ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ ግራ እግሩ ላይ ያርፋል። እግሩ የሰውነቱን መሐል አልፎ እያረፈ ከሆነ ክንዱ የእግሩን ዕዳ እየከፈለ ነው። ዕዳው ሳይቃለል ክንዱን ብቻ ማስተካከል አይቻልም።

ኃይሌ ገብረሥላሴን አስቡት። አርሲ ውስጥ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የለመደው የግራ ክንዱ አያያዝ በአትላንታም በሲድኒም የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያገኝ አብሮት ነበር። በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስም እንዲሁ። ለዓይን እንግዳ የሆነ ነገር ሁሉ ጥፋት አይደለም።

እውነተኛው ጥፋት ብዙ ጊዜ ያለው እግር መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ ነው። እግር ከሰውነት ክብደት ማዕከል በጣም ቀድሞ፣ ጉልበትም ቀጥ ብሎ ሲያርፍ መሬት ሯጩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኒውተን እንዳስተማረን መሬቱን ወደ ፊት የገፋ ሰው መልሱን ከፊቱ ይቀበላል። ያ ሯጭ በየእርምጃው ፍሬን ይይዛል፤ ያጣውን ፍጥነት መልሶ ለማምጣትም ይለፋል። የምቱንም ጫና ጉልበቱና ቅልጥሙ ይችሉታል። ይህን «ረጅም እርምጃ» እያሉ የሚያደንቁ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ በጣም አዝናለሁ፤ ተስፋ የሚጣልባቸው ልጆች በቅልጥም ሕመም የሚቀሩበት አንዱ መንገድ ይህ ነውና።

ማረሚያው «እርምጃህን አሳጥር» ማለት አይመስለኝም። እንዲህ የተባለ ልጅ ሰውነቱን አስሮ ይሮጣል። ፍጥነቱን ሳይቀይር በደቂቃ የሚረግጠውን ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ እንዲጨምር ማድረግ ይሻላል። በዚህ ብቻ እግሩ ወደ ሰውነቱ ተጠግቶ ያርፋል፣ ጉልበትና ዳሌ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይቀንሳል። ሁሉም ሰው በደቂቃ 180 እርምጃ መድረስ አለበት የሚለውን ግን ተዉት። ቁጥሩ እንደ ሯጩ ቁመትና ፍጥነት ይለያያል።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስልካችሁን ከጎን በኩል በዳሌ ከፍታ ያዙ፤ በዝግታ በሚያሳየው ቀረጻ ልጁ ሲያሟሙቅም ሲደክምም ቅረጹት። ከዚያ እግሩ መሬት በነካበት ቅጽበት ምስሉን አቁሙና ቅልጥሙን እዩ። ወደ ኋላ አጋድሎ እግሩ ከጉልበቱ ቀድሞ ከሆነ ሥራችሁ እዚያ ነው። አንዱ ሳይሰክን ሁለተኛ ማረሚያ አትጨምሩ። ቀረጻውንም ለልጁ አሳዩት፤ የገዛ እግሩን ያየ ልጅ ብዙ ጩኸት አያስፈልገውም።