ካዛንቺስን በ1 ለ12

ካዛንቺስን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆነው “ወራጅ አለ” ከማለታቸው በፊት ግራ ቀኝ ያያሉ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ የድሮዎቹ ቤቶች፣ የጠባቡ መንገድ ሱቆችና አዝማሪ ቤቶች ተነስተዋል። ብዙ ነዋሪዎችም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል። ከልጆችዎ ጋር ቢወጡ የሚጠብቅዎ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ነው። ለመንሸራሸር ይመቻል። ልጅዎ “እዚህ ጋ ድሮ ምን ነበር?” ብሎ ሲጠይቅ ግን በእጅ ወደ ባዶ ቦታ እየጠቆሙ ማስረዳት ይከብዳል።

ለዚህ ወር ያሰብንልዎ ሽርሽር ካዛንቺስ ተጀምሮ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። ጠዋት አካባቢውን በእግር ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመንገዱ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ሞተር ሳይክል፣ 12 ጊዜ አሳንሰው ከልጆችዎ ጋር ይሠራሉ። ሞዴል ሲሠራ የሚያንሰው መጠኑ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ እንዳለ ይቀመጣል። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው።

ስሙም ዕቃውም ከአንድ አገር

“ካዛንቺስ” የሚለው ስም የመጣው በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። “ካዛ” ቤት ማለት ነው። “ኢንቺስ” ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። የከተማው ሰው ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሰፈር ስም አደረጋቸው። ወራሪው ሲወጣ ስሙ ቀረ።

አሁን አንድ ሞተር ሳይክል አጠገብ ቆመው የዕቃዎቹን ስም ለልጅዎ ይጥሩለት፦ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ። የሚፈታበት ካቻቪቴና የሚያዝበት ፒንሳ እንኳ ሳይቀሩ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኮቻችን ቃላቱን አማርኛ አድርገዋቸዋል። ሰፈሩና ሞተሩ የሚገናኙትም በዚህ ነው፤ ሁለቱም ከሌላ አገር መጥተው እኛ ዘንድ የራሳቸውን ሕይወት ኖረዋል።

ጠዋት፦ በእግር

ከመስቀል አደባባይ ተነስተው ወደ ላይ ያቅኑ። በስተቀኝ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢና አፍሪካ አዳራሽ ያገኙዎታል። አዳራሹን የነደፈው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም ያለው እዚሁ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚህ ጣሪያ ሥር ነበር። ረጅም እድሳት ተደርጎለትም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ዘው ብሎ መግባት የለም፤ ከውጭ ማየት ግን ይቻላል። ከፊት ለፊቱ ቤተ መንግሥት ስላለ እዚህ ካሜራ ባያወጡ ይመረጣል።

በዚህ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል የክብር ሥራ አለው። የመሪዎች ጉባኤ ሲኖር ከእንግዳው መኪና ፊት የሚቀድሙት ሞተረኞች ናቸው፤ ልጆችም ከመሪዎቹ ይልቅ እነሱን ለማየት ይጋፋሉ። ወደ ካዛንቺስ መሃል ታጥፈው ሲገቡ ደግሞ ሌላውን ሞተር ያገኛሉ። ጀርባው ላይ ትልቅ ሣጥን የጫነ፣ ምግብና ዕቃ የሚያደርስ የእንጀራ ሞተር ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች ላይ እገዳ ሲጥል ብዙዎች ዘመኑ አለፈ ብለው ነበር። ሞተሩ ግን የዕቃ አድራሾች ሆኖ ተመልሷል።

የቆመ ሞተር ሲያገኙ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። ከዚያ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከላይ አምስት ፎቶ ያንሱ። በሜትርም ርዝመቱን፣ የጎማውን ቁመትና የመሪውን ስፋት ለክተው በደብተር ይያዙ። ለልጅዎ ሜትሩን ያስይዙት። በመጨረሻ ወደ ኡራኤል ወርደው ማኪያቶ እየጠጡ ቁጥሮቹን ለ12 ያካፍሉ። ከዚህ የተሻለ የሒሳብ የቤት ሥራ አያገኙም።

ከሰዓት በኋላ፦ ቆርኪውን አይጣሉ

በሞዴል ሠሪዎች ዓለም ለሞተር ሳይክል በጣም የተለመደው ምጥጥን 1 ለ12 ነው። የጃፓኑ ታሚያ ብዙ ሞተሮቹን በዚህ መጠን በሚገጣጠም ፕላስቲክ ያቀርባል። የጣሊያኑ ኢታሌሪ ደግሞ 1 ለ9 የሆኑትን ይሸጣል። የእነዚህ ቅርጾች መነሻ ፕሮታር የተባለ ድርጅት ሲሆን መሥራቹ ታርኲኒዮ ፕሮቪኒ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የሞተር ተወዳዳሪ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት አንድ ሣጥን ማዘዝ ይችላሉ።

ነገር ግን መጠበቅ የለብዎትም። የሽቦ መኪና ሲነዳ ያደገ ሰው ሁሉ ሙያው በእጁ አለ። ቬስፓ የተወለደችው በ1938 ዓ.ም. ሲሆን ነዳፊዋ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። የድሮዋ ቬስፓ ትንሽ ጎማ ከነላስቲኩ ወደ 38 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ለ12 ሲካፈል በግምት 3 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ ስፋት ነው። ልጆቻችን ሳያውቁት በትክክለኛ ምጥጥን ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው።

የዕቃ አድራሹን ሞተር ከመረጡ ጎማው 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ክብ አድርገው ያጣብቁ። ከውስጡ የሚወጣው የመዳብ ሽቦ ለጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ይሆናል። ወፍራም ሽቦ በፒንሳ አጥፈው አካሉንና መሪውን ያውጡ። ለማርሚታ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ለፊት መብራት የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለመስታወት የማስቲካ ብርማ ወረቀት ይበቃል። የኋላው ሣጥን ሦስት የተጣበቁ የክብሪት ቀፎዎች ነው። መቁረጫውንና ሱፐር ግሉን እርስዎ ይያዙ፤ መስኮትም ይክፈቱ። ቀለም፣ መለካትና ማጣበቂያው እስኪደርቅ መያዝ የልጆች ድርሻ ይሁን።

ሞተሩን የካዛንቺስ ማድረግ

ከሣጥን የወጣ ሞዴል የማንም ሊሆን ይችላል። የእርስዎ የሚሆነው ያዩትን ሲጨምሩበት ነው፤ በፕላስቲክ የተሸፈነውን መቀመጫ፣ በሽቦ የታሰረውን ፓራፋንጎ፣ የክረምቱን ጭቃ። ለጭቃው የቡና አተላ በሙጫ ለውሰው ከታች ይቀቡት።

ከዚያ ከኋላው ግድግዳ ያቁሙለት። የካርቶንን የላይኛውን ወረቀት ሲልጡ የሚወጣው ሞገድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቆርቆሮ አጥር ሞገድ ለ12 ሲካፈልም እዚያው ይደርሳል። የብር ቀለም ቀብተው ዝገት ቢያክሉበት የድሮው የካዛንቺስ አጥር ነው።

ጥያቄው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በሩ ምን ቀለም ነበር? ደጃፉ ላይ ስንት ደረጃ ነበረው? ይህን ፎቶ ላያሳይዎት ይችላል። የሚያውቁት እዚያ የኖሩት ናቸው። በቤተሰብዎ ከካዛንቺስ የተነሱ አያት ወይም አክስት ካሉ ይደውሉላቸው። “ሰፈሩ እንዴት ነበር?” ካሏቸው “ደህና ነበር” ብለው ያልፋሉ። “የበሩ እጀታ በየት በኩል ነበር?” ካሏቸው ግን ጎረቤቱን፣ ቡናውን፣ በዚያ በር የወጣችውን ሙሽራ ሳይቀር ይነግሩዎታል። ትንሽ ዝርዝር ትልቁን ወሬ ይስባል። በሞዴሉ ላይ የተሳሳተ ቀለም ካዩማ ጨዋታው ይደራል፤ “ኧረ ልጄ፣ አረንጓዴ ነበር!”

አዲሱን ካዛንቺስ ልጆችዎ ራሳቸው ይኖሩበታል፣ ያዩታል። አሮጌው ያለው በሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹም አሁን በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሳይረሱ መጠየቅ ከማንኛውም ሙጫ ይቀድማል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን የሚያቆሙበትን እንጨት ገልብጠው ከሥሩ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የበሩን ቀለም የነገረዎትን ሰው ስም።