ምልክትና መንሥኤ

ምልክት ሌላ፣ መንሥኤ ሌላ ነው። ትኩሳት በሽታን ይጠቁማል እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ትኩሳቱን ብቻ አብርዶ ሕመምተኛውን «ድነሃልና ሂድ» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ቢኖር የሚያመሰግነው አይገኝም። ዳሩ ግን በሌላው ሥራ ሁሉ ብዙ ሰው ምልክቱን በማጥፋት ብቻ ረክቶ ሲቀመጥ ይታያል። እኔ የሁለቱን ልዩነት በሚገባ የተረዳሁት በአራዳ አንድ አሮጌ ላዳ ሲጠገን ቆሜ በማየት ነው።

በአራዳና በፒያሳ አሮጌ መኪና እንግዳ ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ከመጣላቸው ወዲህ ከተማይቱ ብዙ ዓይነት መኪናዎችን አስተናግዳለች። ከእነዚህም መካከል ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች ለረጅም ዘመን የሰፈሩ መታወቂያ ሆነው ኖረዋል። ላዳ በ1962 ዓ.ም. በሶቪዬት ኅብረት መሠራት ሲጀምር ንድፉ የተወሰደው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነበር። የጋራዡም ቋንቋ ብዙ ቃል ከጣሊያንኛ ወርሷል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ የመሳሰሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ፒያሳ የሚለው የሰፈሩ ስም እንኳ የጣሊያንኛ ቃል ነው።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ ትንሽ ጋራዥ አንድ ወጣት የታክሲ ነጂ መኪናውን አቁሞ ችግሩን አስረዳ። እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ቢያነሣም የሞተሩ ዙር ቶሎ አይወርድም፤ ጥቂት ሰከንድ እየጮኸ ቆይቶ ነው ቀስ በቀስ የሚበርደው። «ጋሼ፣ ሚኒሞውን ዝቅ ቢያደርጉልኝ ይበቃኛል» አለ። ሽማግሌው መካኒክ ግን ብሎኑን አልነኩም። «ልጄ፣ ዝም እንዲል ነው ወይስ እንዲድን የምትፈልገው?» ሲሉ ጠየቁት።

ሚኒሞ ማለት ነጂው ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። እንዲህ ባለው መኪና በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ዙር ገደማ ይሆናል። ብሎኑን በማላላት ዙሩን ዝቅ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዳሉት፣ ድምፁን ማጥፋት ሕመሙን መደበቅ እንጂ ማዳን አይሆንም።

መካኒኩ ምርመራውን የጀመሩት ከቀላሉ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ከፔዳሉ እስከ ካርቡራቶሩ የሚደርሱትን ዘንጎችና መላሹን ሞላ ተመለከቱ። ሞላው ቢደክም ወይም የካርቡራቶሩ መዝጊያ በቆሻሻ ቢያዝ፣ ነጂው እግሩን ቢያነሣም መዝጊያው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ጧት በብርድ ለማስነሣት የሚሳበው የአየር ማፈኛም በሚገባ ተመልሶ እንደሆነ አረጋገጡ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥተው መዝጊያውን በጣታቸው ገፉት። ዙሩ አልወረደም። እንግዲህ ጥፋቱ ከዘንጎቹም ከሞላውም አልነበረም።

አጠገባችን የቆመ ሌላ ነጂ «የአዲስ አበባ አየር ነው» አለ። አባባሉ መሠረት የለውም አይባልም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መካኒኩ አንዱን ካንዴላ ፈትተው አሳዩን። ጫፉ ጥላሸት የለበሰ ሳይሆን ወደ ነጭነት ያደላ ነበር። ይህም ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ እንደበዛ ያመለክታል። በዚህ ዓይነት አየር በማይገባው ቀዳዳ እየገባ መሆኑ ታወቀ።

ቀዳዳውን ለማግኘት በመጋጠሚያዎቹና በጎማ ቧንቧዎቹ ላይ ውኃ በጥቂቱ ረጩ። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጭ ሰው ጋራዡን በእሳት ሊያጋይ ይችላል። ውኃው በአንድ ቧንቧ ላይ ሲያርፍ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። ቧንቧው በእርጅና ተሰነጣጥቆ ነበር። ይኸውም ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል አማካይነት፣ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ ጉልበት የሚያግዘውን ክፍል የሚያሠራው ቧንቧ ነው።

ይህን ባየን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ጀምሮ ወደ ለገሀር የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ ተማሪዎችም ደብተራቸውን ይዘው ያቋርጡታል። ሚኒሞው ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ በቀነሰ፣ ነጂውም በተደሰተ ነበር። ስንጥቁ ግን እየሰፋ ይሄድና አንድ ቀን በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አጋዡን ያጣ ነበር። የሚያስቸግረው ድምፅ ለካ ማስጠንቀቂያ ኖሯል። ቧንቧው ተለወጠ፤ ዙሩም ብሎኑ ሳይነካ ወረደ።

ዛሬ የፒያሳ መልክ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። የነገው መካኒክ ከካርቡራቶር ይልቅ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር ይመረምር ይሆናል። የምርመራው ሥርዓት ግን ያው ነው፤ ምልክቱን ማድመጥ፣ ሊሆኑ የሚችሉትን መንሥኤዎች መዘርዘር፣ ከቀላሉ ጀምሮ እያንዳንዱን መፈተን፣ የተፈተነውንም ከዝርዝሩ መሰረዝ ነው። በሒሳብ ፈተና ውጤቱ ዝቅ ያለበት ተማሪም ቢሆን «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ችግሩ ከየትኛው ትምህርት እንደጀመረ በዚሁ መንገድ ቢመረምር ይጠቀማል።