ማንኮራፋቱስ ይሁን... ዝምታው ነው የሚያስፈራው!

ዛሬ የራሴን ገመና ላወጣ ነው። አንኮራፋለሁ! ተራ ማንኮራፋት ደግሞ እንዳይመስላችሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ በሉት።

ትዳር ከመያዜ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ባለቤቴ ስትነግረኝም “አታጋኚ!” ብዬ ተከራከርኳት። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትነሳው። አንድ ሌሊት ድንገት ብባንን አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢ ተከናንባ ቁጭ ብላ ታየኛለች። “ምነው?” ብላት “ምንም፣ ተኛ” አለችኝ። እኔ ሆዬ “ጠልታኛለች ማለት ነው!” ብዬ ሆድ ባሰኝ። ሌሊት ማንኮራፋት፣ ቀን ማኩረፍ ሆነ ሥራዬ።

በመጨረሻ በሞባይሏ ቀድታ አሰማችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁ ጭጭ አለ... አሁንም ጭጭ... ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ሲጥ ብዬ ተነፈስኩ።

“እንቅልፍ የሚነሳኝ ጩኸትህ መሰለህ? ዝም ስትል እኮ ነው ቁጭ ብዬ የምቆጥረው” አለችኝ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፣ የአየር መተላለፊያውም ይጠባል። አየሩ በዚያ ጠባብ ሲያልፍ ላንቃንና እንጥልን ያርገበግባል፤ የምንሰማው ድምፅ እሱ ነው። መተላለፊያው ጨርሶ ሲደፈን ግን ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይቋረጣል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ለደም ግፊት ያጋልጣል፤ ቀን ቀን ያስንቀላፋል። ታክሲ ውስጥ እያንጎላጀሁ መውረጃዬን የማልፈው ለካስ ወድጄ አይደለም! መሪ የጨበጠ ሰው ቢሆንስ?

እንግዲህ የያዝኩት መላ ይኸውላችሁ። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ጉሮሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ ባለቤቴ የልጆች የካልሲ ኳስ አሮጌ ካናቴራዬ ጀርባ ላይ ሰፋችልኝ። ልንጋለል ስል ይቆረቁረኛል፣ ወደ ጎኔ እዞራለሁ። የማታዋን ቢራ ተውኩ፤ መጠጥ ጡንቻን ይብስ ያላላልና። ጫት ቅሞ “ጨብሲ” ማለትማ የእንቅልፍ ጠላት ነው። ሲጋራ ጉሮሮን ያሳብጣል። አንገት ላይ የተከማቸ ስብም መተላለፊያውን ስለሚያጠበው እራቴን ቀለል አድርጌ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ቡና የለም! የእንቅልፍ ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትሞክሩ።

አንዲት ጎረቤታችን “እንጥልህን አስቆርጠው” ብለው መክረውኝ ነበር። አደራ! በባህል ሐኪም ምላጭ እንጥል ማስቆረጥ ለመድማትና ለመመረዝ የሚዳርግ ነገር ነው።

ነገሩ ተፈታ ልላችሁ አልችልም። ድምፁ ቀንሷል፤ ዝምታው ግን አንዳንድ ሌሊት አሁንም ይመጣል። ሐኪሙ በቀጠሮዬ ቀን ሌላ ምርመራ እንዳለ፣ አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያም መኖሩን ነግረውኛል። ወደኋላ አልልም።

እናንተም ከጎናችሁ የሚተኛውን ሰው ዛሬውኑ ጠይቁ። “ታንኮራፋለህ” ቢላችሁ አትቆጡ። “ዝምስ እላለሁ ወይ?” በሉት። “አዎ” ካላችሁ ኩርፊያውን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ ባኮረፍኩባቸው ወራት ሁሉ ያቺ ሴት ትንፋሼን ስትጠብቅ ነበር የምታድረው።

ደህና እደሩ!