ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ስንወርድ

ለትምህርት ወደ ቅድስት ሀገር በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው ለአይሁድ ፋሲካ በተዘጋ ጊዜ፣ አራት ዲያቆናት ተማክረን በእግራችን ወደ ኢያሪኮ ለመውረድ ተነሣን። ጊዜው የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሳምንት፣ ገብር ኄር ነበር። አብረውን የሚማሩት ሌሎች ዕረፍታቸውን በኤላትና በገሊላ ባሕር ዳርቻ ሊያሳልፉ ሲሄዱ፣ እኛ ጌታችን አርባ መዓልትና አርባ ሌሊት የጾመበትን ገዳመ ቆሮንቶስን በጾሙ ወራት እንሳለም፣ ከዚያም ወደ ዮርዳኖስ እንውረድ አልን። ይሁን እንጂ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች የሚደረስበትን መንገድ በእግር ለመሄድ የመረጥነው ለበረከት ብቻ አልነበረም። ወጣቶች ነበርንና በረሃውን ልንፈትነው፣ ስንመለስም የምንተርከው ልናገኝ ወድደን ነበር። ይህን አስቀድመን መናዘዝ ይገባናል።

ለትንሣኤ ከሚመጡት ምእመናን መካከል ያንን መንገድ በእግር ለመሄድ የሚያስቡ እንዳሉ ስለ ሰማን፣ ያየነውንም ያጠፋነውንም ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

የአባታችን ምክር

በዋዜማው ከዴር ሡልጣን አባቶች አንዱን ተሰናበትናቸው። እርሳቸው በረሃውን ብዙ ጊዜ ያቋረጡ ናቸው። «ልጆቼ፣ ጾም ለመንገደኛና ለሕመምተኛ እንደ አቅሙ ነው። ለየራሳችሁ ሦስት ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ፤ ሲጠማችሁም ጠጡ» አሉን። እጃቸውን ተሳልመን እሺ አልን። ወጥተን ግን እርስ በርሳችን ተያየን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማንቀምሰውን ውኃ ለምን እንሸከማለን? ኮዚባ ገዳም ስንደርስ ውኃ አይጠፋም ብለን እያንዳንዳችን አንዲት ትንሽ ኮዳ ብቻ ያዝን። ያን ጊዜ ይህ መንፈሳዊ ብርታት መስሎን ነበር።

ማክሰኞ ሌሊት ኪዳን አድርሰን፣ ከደማስቆ በር አጠገብ በጋራ ታክሲ ተሳፈርን። በኢያሪኮ አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ዋዲ ቀልት ሸለቆ ከሚያወርደው መገንጠያ ዘንድ ሲደርስ ወረድን። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር።

የአዱሚም ዐቀበት

ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከምዕራብ ባሕር የሚመጣው ደመና ዝናሙን በኢየሩሳሌም ተራሮች ላይ ስለሚጨርሰው፣ ከደብረ ዘይት በስተምሥራቅ ያለው ምድር በረሃ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው አንድ ሰው በጠዋት በብርድ ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ በቀትር በሐሩር ውስጥ የሚገኘው።

ይህ መንገድ በመጽሐፈ ኢያሱ የተጠራው የአዱሚም ዐቀበት ነው። ስሙ ከድንጋዩ ቅላት የመጣ ነው ይባላል፤ ቅዱስ ጄሮም ግን በዚያ ወንበዴዎች ካፈሰሱት ደም ጋር አያይዞታል። በአውራ ጎዳናው ዳር «የደጉ ሳምራዊ ማደሪያ» የሚባል ጥንታዊ ሥፍራ አለ፤ ዛሬ ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናትና ምኩራቦች የተሰበሰቡ የወለል ሞዛይኮች ይታዩበታል። በታክሲው መስኮት አየነውና ከመካከላችን ቅኔ አዋቂው ስለ ሳምራዊው አንድ ጉባኤ ቃና ተቀኘበት፤ እኛም አድናቆታችንን ገለጽን። ያ ምሳሌ በዚያው ቀን እኛን እንደሚመለከት ማን አሰበ?

ሸለቆው

ዋዲ ቀልት ጥልቅና ጠባብ ሸለቆ ነው። ከላይ ካሉት ምንጮች የሚወጣው ውኃ ከጥንት ጀምሮ በቦይ እየተመራ ወደ ኢያሪኮ ይወርድ ነበር፤ ሄሮድስም በኢያሪኮ ያሠራቸው ቤተ መንግሥቶች የሚጠጡት በዚሁ መንገድ ነበር። መንገደኛ ቦዩን ተከትሎ ቢሄድ አይስትም። መጀመሪያ እኛም እንዲሁ አደረግን። በገደሉ ላይ የሀገራችን ዋልያ ዘመድ የሆኑ የበረሃ ፍየሎች ቆመው አየን፤ ክንፋቸው ብርቱካንማ የሆነ ጥቋቁር ወፎችም ከዋሻ ወደ ዋሻ ይበርሩ ነበር። ቁራዎች ኤልያስን የመገቡት በዚህ ሸለቆ ነው የሚል ትውፊት ስላለ ወፎቹን ባየን ቁጥር እርሱን አነሣን። መዝሙርም ዘመርን።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ቦዩ በገደሉ ዙሪያ ሲጠመዘዝ አይተን፣ ጉብታውን በቀጥታ ብናቋርጥ ይቀርበናል አልን። ወጣን። ከጉብታው በስተጀርባ ሌላ ጉብታ ነበር፤ ከዚያም ሌላ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦዩም የእግር መንገዱም ከዓይናችን ጠፉ። ነፋሱ ከምሥራቅ መጣ፤ እንደ ምጣድ ወላፈን ነበር። ውኃችንን ሳንነካ ከያዝን በኋላ ቀትር ሲሆን ሁላችንም በዝምታ ጠጣነው። ኮዳው ባዶ ሲሆን ማናችንም ስለ ጾም አላነሣንም።

ታናሻችን መጀመሪያ ራሱን አመመው፤ ቀጥሎ አስመለሰው። ላቡ ቆሞ ቆዳው ደረቀ። በአንድ ዐለት ጥላ ሥር ተቀመጠና «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ትንሽ አርፌ እደርስባችኋለሁ» አለ። እንግዲህ የምናፍርበትን እንናገር። ሦስታችን ተከራከርን። አንዱ ወደ ኋላ እንመለስ አለ፤ ሁለተኛው የገዳሙ በር ሳይዘጋ እንድረስ አለ፤ ሦስተኛው ስልኩን ይዞ መስመር ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ ውኃ ፈልገን እንምጣ ብለን ሦስታችንም ሄድን። አንድ ሰው እንኳ ከእርሱ ጋር እንዲቀር አላዘዝንም። ብቻውን የሚቀመጠው የሚፈራ፣ የሚሄደው ግን ሥራ የሚሠራ ይመስል ነበርና ሁላችንም መሄዱን መረጥን።

«ማይ»

ግማሽ ሰዓት ያህል ዞረን ምንም ሳናገኝ ተመለስን። ዐለቱን ስናይ ልባችን ወደቀ፤ በአጠገቡ አህያ ቆሞ ነበር። ዕድሜው ከዐሥራ ስድስት የማይበልጥ የበደዊ ወጣት ታናሻችንን በክንዱ ደግፎ፣ የራሱን ሻሽ በውኃ አርሶ በግንባሩ ላይ አድርጎ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያጠጣው ነበር። በያንዳንዱ ጉንጭ «ማይ፣ ማይ» ይለዋል። ወንድማችን በኋላ እንደ ነገረን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ድምፁን ሲሰማ በሀገሩ ቤተ ክርስቲያን ያለ መስሎት ነበር። በግእዝም በዚያ ሀገር ዓረብኛም ውኃ «ማይ» ነውና።

ወጣቱ እኛን ሲያይ አልተቆጣም። ለእኛም ከጄሪካኑ ሰጠን። ወንድማችንን በአህያው ላይ አስቀምጦ፣ እኛ ፈጽሞ ባላየነው ቀጭን መንገድ መራን፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜም ሰማያዊ ጉልላቱ በገደሉ ላይ የተጣበቀው የኮዚባ ገዳም ከፊታችን ታየ። በኪሳችን የነበረውን ገንዘብ አዋጥተን ሰጠነው። እጁን ወደ ደረቱ ወስዶ «ሐራም» አለ፤ አህያውንም አዙሮ ሄደ።

በዚያ ሸለቆ በደዊዎች ምእመናንን በአህያ እያወጡና እያወረዱ እንደሚተዳደሩ ታውቃላችሁ። የዚያን ወጣት ቀን ሥራ አስፈትተነዋል ማለት ነው።

ኮዚባ

ገዳሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘኮዚባ ይባላል፤ የሚያስተዳድሩትም የግሪክ ኦርቶዶክስ መነኮሳት ናቸው። ብዙ ምእመናን ስሙን ሰምተው የልዳው ሰማዕት ቅዱስ ጊዮርጊስ ይመስላቸዋል፤ ይህኛው ግን ከቆጵሮስ መጥቶ በዚያ የመነኰሰ አባት ነው። ገዳሙን በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ያቋቋመው የቴቤስ ሰው ዮሐንስ ሲሆን፣ በ614 እ.ኤ.አ. ፋርሶች ምድሪቱን በወረሩ ጊዜ ጠፋ፤ የተገደሉት መነኮሳት ዐፅም ዛሬም በዚያ ይታያል። ለብዙ ዘመን ባድማ ሆኖ ከቆየ በኋላ ካሊኒኮስ የተባለ ግሪካዊ መነኩሴ በ1878 እ.ኤ.አ. ማደስ ጀምሮ በ1901 እ.ኤ.አ. ፈጸመው። በ1960 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሮማንያዊው መነኩሴ የቅዱስ ዮሐንስ ሥጋም ሳይፈርስ በዚያ ይገኛል።

በሩን የከፈቱልን መነኩሴ መልካችንን አይተው «ሐበሽ?» አሉ፤ አዎን አልን። ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ወንድማችንን በቀዝቃዛው ክፍል አስተኝተው ውኃ፣ ጨውና ጥቂት ጣፋጭ አመጡ። ሲሻለው በመኪና ወደ ኢያሪኮ የምንሄድበትን መንገድ አበጁልን። በእግር ወደ ኢያሪኮ መግባታችን በዚያ ቀረ።

የኢያሪኮው አባት

በኢያሪኮ በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም የተቀበሉን አባት ሁኔታችንን አይተው ውኃ አቀረቡ፤ «መጀመሪያ ጠጡ፣ ከዚያ ትናገራላችሁ» አሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናቸው። እኛ ስለ ውኃው ማነስ ይገሥጹናል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ውኃው አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ሦስታችሁም ሄዳችሁ?» አሉ።

«አዎን፣ አባታችን።»

«ዲያቆናት ናችሁ አይደል? ሌዋዊ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።» ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። «ያ ሌዋዊ እኮ ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ እናንተ የሚቸኩልበት ቅዱስ ቦታ ነበረው።»

ስንት ጊዜ ያን ምሳሌ አንብበን አስተምረናል። በማስተማራችንም ሁሉ ራሳችንን ወይ በሳምራዊው፣ ወይ ቢበዛ በቆሰለው ሰው ቦታ እናደርግ ነበር። በሌዋዊው ቦታ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቀምጠን አናውቅም፤ ማዕረጋችን ግን የእርሱ ነበር።

ቆሮንቶስና ዮርዳኖስ

በማግሥቱ ታናሻችን ተሻለው። አባታችን ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ በኬብል ካር እንድንወጣ አዘዙን። ይህ ለእኛ ከመንገዱ ሁሉ የከበደ ትእዛዝ ነበር፤ በእግር ልንወጣው ተስለን ነበርና። ታዘዝን። ኬብል ካሩ በኤልሳዕ ምንጭ አጠገብ ይነሣል። ነቢዩ ጨው ጨምሮ መራራውን ውኃ የፈወሰው በዚያ ነው፤ ከምንጩ በላይ ያለው የጥንታዊት ኢያሪኮ ፍርስራሽም በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማይቱን ዛሬም ድረስ ያለመለማት ያ ምንጭ ነው። እጃችንን አጥልቀን ስንጠጣ የጾማችንን ሰዓት የሚቈጥር ከመካከላችን አልነበረም።

ከኬብል ካሩ ወርደን የቀሩትን ደረጃዎች ታናሻችን በሚችለው ፍጥነት ወጣን። በገደሉ ውስጥ በተፈለፈለው ገዳም፣ ጌታችን ተቀምጦበታል ተብሎ የሚከበረውን ድንጋይ ተሳለምን። ከዚያ ሆነው የዮርዳኖስን ሸለቆና በሩቅ የሙት ባሕርን ያያሉ። ጌታ ሦስት ጊዜ ተፈተነ፤ አንዱ ፈተና ከከፍታ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል የሚል ነበር። እኛ ውኃ ሳንይዝ በረሃ የገባንበት ልብ ከዚያ ፈተና ምን ያህል እንደሚለይ ተጠያየቅን፤ መልስ የሰጠ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዮርዳኖስ ወረድን። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጦርነት በኋላ አካባቢው ፈንጂ ተቀብሮበት አብያተ ክርስቲያናቱ ለብዙ ዓመታት ተዘግተው ነበር፤ እቴጌ መነን ያሠሩት የእኛ ገዳምም ከእነርሱ አንዱ ነው። ዛሬ ወንዙ ዳር መድረስ ይቻላል። ዮርዳኖስ በዚያ በጣም ጠባብ ነው፤ ከማዶ በዮርዳኖስ መንግሥት በኩል የሚጠመቁት ምእመናን ድምፅ ይሰማል። ወንድማችንን ውኃ እያፈሰስን ስናጠምቀው ሁላችንም አለቀስን፤ ይቅርታም ጠየቅነው። እርሱ ግን «እኔም ብሆን ከእናንተ ጋር እሄድ ነበር» አለ። ይህ መልስ ከወቀሳ ይልቅ ያሳምማል።

ለምእመናን

በእግር የምትሄዱ ሁሉ፤ ከሰባት ሰዓት ሌሊት ጀምሮ የተጾመ ጾም እንኳ ቢሆን ለመንገዱ የሚበቃ ውኃ ያዙ፤ ጠጡም፤ አባቶች የሚሰጡትን ፈቃድ እንደ ድካም አትቍጠሩት። ከቦዩ አትለዩ። በክረምት በኢየሩሳሌም ተራሮች ዝናም ካለ፣ በሸለቆው ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ድንገተኛ ጎርፍ ስለሚወርድ አትግቡ። የገዳማቱን የመግቢያ ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከመካከላችሁ የደከመ ቢኖር የጉዟችሁ ፍጥነት የእርሱ ይሁን፤ አንድ ሰው ከእርሱ ጋር ሳይቀር ማንም አይሂድ።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨናል፤ የዚያን ወጣት ስም አልጠየቅንም። በቀጣዩ ዕረፍት ስጦታ ይዘን ወደ ሸለቆው ተመልሰን ባለ አህያዎቹን ጠየቅን፤ እርሱን ግን አላገኘነውም። በጸሎታችን ሰውን በስሙ ማሰብ ልማዳችን ነው። እርሱን ግን አራታችንም በየጸሎታችን «ያን ማይ የሰጠንን ወንድም አስበው» እያልን እናስበዋለን፤ ይህን የምታነቡም እንዲሁ አስቡልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።