ጉዞ ወደ ዋጫ፦ ቡናው ከጫካው ሳይለይ

ልጆች ቡና ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቁን አብዛኞቻችን «ከከፋ ነዋ!» ብለን እናልፋለን። ከፋን ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? ዕረፍት ሲታሰብ ቶሎ የሚመጣልን ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ነው። ዘንድሮ ቀናት ካገኛችሁ ራቅ በሉና ጅማን እለፉ፣ ቦንጋንም እለፉና ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ዋጫ ድረስ ዝለቁ። ዋጫ በከፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት።

ዋጫ ለጎብኚ ተብላ የተሰናዳች ከተማ አይደለችም። የመዋኛ ገንዳ ያለው ሪዞርት ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። በየቀኑ የምንጠጣው ቡና ከጫካ እስከ ስኒ የሚያልፍበትን መንገድ ከነችግሩ ማየት ለፈለገ ቤተሰብ ግን የሚመች ቦታ ነው። እኔ ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ ቦታ ስደርስ «እዚህ ምን ይሸጣል? ገንዘቡስ መጨረሻ ላይ ማን እጅ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነው። እናንተም ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ብትጓዙ ዋጫ ብዙ ታስተምራችኋለች።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ በወልቂጤ በኩል ጅማ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳላችሁ። ልጆች ካሉ ጅማ ማደሩ ይሻላል። እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ መኪና መያዝም ይቻላል። ከጅማ በኋላ የጎጀብን ወንዝ ስትሻገሩ አየሩም የመሬቱም ቀለም ይለወጣል፤ መንገዱ እየጠመዘዘ ቦንጋ ያደርሳችኋል።

ቦንጋ ላይ አንድ ቀን ስጡ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያ ነው። የቡና መገኛ እየተባለች የምትጠራው ማኪራም ከቦንጋ ሩቅ አይደለችም። ልጆቻችሁ ከታሪክ ይልቅ ውኃ የሚማርካቸው ከሆነ የባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ አሉላችሁ።

ከቦንጋ ወጥታችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ የውሽውሽ ሻይ ልማት ይቀበላችኋል። እንደ ምንጣፍ የተዘረጋው አረንጓዴ ለፎቶ ይጋብዛል፤ ቆም ብላችሁ ተነሡ። ከዚያ ሽሽንዳን አልፋችሁ ወደ ዋጫ ስትቀጥሉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት፣ በቆሎ፣ ከዚያ ደግሞ ጫካ ታያላችሁ። ያ ጫካ ባዶ ጫካ እንዳይመስላችሁ።

ጫካው ራሱ ማሳ ነው

ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ስፋቱ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። እዚህ ቡና እንደ ስንዴ በተጣራ መሬት ላይ የሚዘራ ሰብል ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅል የደን ተክልም ነው።

ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ወደ ውስጥ ስትገቡ ወደ ላይ ቀና በሉ። ከፍ ብሎ የሚታየው ጌተም ለንቦች አበባ የሚሰጥ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ ረዘም ያለ ባሕላዊ ቀፎ ታያላችሁ። ከሥሩ ቀጭንና ረጃጅም የቡና ዛፎች አሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ አጠገብ፣ ለበርበሬያችንና ለቅቤያችን የምንፈልገው ኮረሪማ ይበቅላል። ጥምዝም ከዚያው ከጫካው ይለቀማል። ማር፣ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፦ አንድ ጫካ አራት ገቢ አለው ማለት ነው። ዛፉ ከተቆረጠ አራቱም አብረው ይሄዳሉ።

ችግሩ ከጫካ የሚለቀመው ቡና በሄክታር ሲሰላ ጥቂት መሆኑ ነው። ጥላውን አሳስቶ ቡናውን ማብዛት፣ ወይም ጫካውን ጨርሶ በቆሎ፣ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ መትከል ለአንድ ቤተሰብ ፈጣን ገንዘብ ያስገኛል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቦንጋ ዙሪያ የተዘረጋው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪው ደኑን በማኅበር እንዲጠብቅና ከደኑ እንዲጠቀም መብት የሰጠ ጥሩ ሥራ ነው። መብቱ ግን የሚጸናው ከጫካው የሚገኘው ቡና ጥሩ ዋጋ ካወጣ ነው። ልጅ የሚያስተምር አባት «ደን ጠብቅ» በሚል ምክር ብቻ የትምህርት ቤት ወጪ አይሸፍንም።

ሁለት ዓይነት ገንዘብ

ስለ ግብርና ኢንቨስትመንት ሲነሣ አእምሯችን ላይ የሚመጣው የውሽውሽ ዓይነት ነው። ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ እርሻ፣ ፋብሪካ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች። የመንግሥት የነበረው ይህ ልማት ወደ ግል ከዞረ ወዲህ በኢትዮ አግሪ ሴፍት ሥር ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሻይ ክፍት መሬት ይፈልጋል፤ ቅጠሉን ለማድረቅም ማገዶ ያስፈልጋል። ከጫካ ጋር ተደባልቆ የሚኖር ሥራ አይደለም።

ሌላው ገንዘብ ትንሽ ትንሽ ሆኖ የሚገባና ጫካውን እንዳለ የሚተው ነው። ቦንጋ የሚገኘው የከፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተ ወዲህ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል። ጀርመን ፍራይቡርግ ያለው ኦሪጅናል ፉድ የተባለ ኩባንያ የከፋን የጫካ ቡና በራሱ ስም፣ «የከፋ የጫካ ቡና» ብሎ፣ ለአውሮፓ ገበያ ያቀርባል። በማር በኩል ደግሞ ቦንጋ ላይ የሚሠራው አፒኔክ አግሮ ኢንዱስትሪ ከጫካ ንብ አናቢዎች ማርና ሰም ይገዛል። እነዚህ መሬት ሳይወስዱ ምርት የሚገዙ ድርጅቶች ናቸው።

የዋጫ ቴክኖሎጂ

«የግብርና ቴክኖሎጂ» ሲባል ድሮንና ኮምፒውተር ከጠበቃችሁ እዚህ የሚያስፈልገው ነገር ያስገርማችኋል። የመጀመሪያው የቡና ማድረቂያ አልጋ ነው፦ በእንጨት ቋሚ ላይ የተወጠረ የሽቦ መረብ። ቡና መሬት ላይ ሲሰጣ የአፈር ሽታ ይይዛል፣ ይሻግታል። አልጋ ላይ ግን ከታችም ከላይም አየር ያገኛል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ ነው። ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እሸት ቡና ደርቆ ወደ 12 በመቶ አካባቢ መውረድ አለበት። በግምት «ደርቋል» ብሎ የተከማቸ ቡና መጋዘን ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

ሦስተኛው ስልክ ነው። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የገበሬዎች ነጻ የስልክ መስመር የእርሻ ምክር ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው «ለእርሻ» ደግሞ ገበሬውን ከግብዓትና ከትራክተር አቅራቢ ጋር ያገናኛል። በዋጫ ዓይነት ቦታ የስልኩ ዋና ጥቅም ግን ሌላ ሆኗል፦ ቡናው የበቀለበትን ነጥብ በጂፒኤስ መመዝገብ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ መሬት የመጣ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለዚህም የማሳው መገኛ በቁጥር ይጠየቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ሁሉ መለካት አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ዝግጅቱ አልቆመም። እንግዲህ አስቡት፦ ጫካውን ጠብቆ የኖረው የጨና ገበሬ አለመቁረጡን በካርታ ማስረዳት አለበት። ማሳው በአጥር የተከለለ አይደለም፤ ጫካው የማኅበር ነው፤ ከሳተላይት ሲታይም ቡናው ከዛፎቹ ሥር ተሸፍኗል። ልኬቱን ማን ይሥራ? ወጪውንስ ማን ይክፈል? ገበሬው ብቻውን ከተተወ ጫካ የጠበቀው ሰው ገበያ ያጣል።

መስከረምና ጥቅምት

ከሁሉም በላይ ግን የሚያጥረው ጥሬ ገንዘብ ነው። መስከረም ላይ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም እኛን እንደሚያስጨንቀን የዋጫንም ወላጅ ያስጨንቃል። እሸት ቡናው የሚለቀመው ግን በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ለመሻገር ቡናውን ገና ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ የሚሸጥ ገበሬ አለ። በተሸጠ ቡና ላይ ደግሞ ቀይ ቀዩን መርጦ ለመልቀምና አልጋ ላይ በትዕግሥት ለማገላበጥ ምን ያነሣሣዋል?

ማኅበሩ የተሻለ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በለቀማ ወቅት እጁ ላይ ብር ከሌለው ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ላይ ለቆመው ነጋዴ ይሸጣል። ማኅበሩን አንፈርድበትም፤ ባንክ ሲጠይቀው የኖረው ሕንጻ ወይም መኪና ማስያዣ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 የግብርና ምርትን ጭምር ለብድር ማስያዝ እንዲቻል በር ከፍቷል። በንግድ ትምህርት «የሥራ ማስኬጃ» የምንለው ይህ ነው፤ ለሦስት ወር የሚቆይ ብድር። እኔን ብትጠይቁኝ በከፋ ቡና ላይ ገንዘብ ማዋል ለሚፈልግ ሰው ከአዲስ እርሻ ይልቅ የሚያዋጣው ይህን ክፍተት መሙላት ነው።

እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ለገበሬው ከእኛ የሚበልጥ ገዢ የለም ማለት ነው። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ስለኖረ ግን ተርፎ የሚመጣልንን ቆልተን መጠጣት ለምደናል። አውሮፓዊው ገዢ የማሳውን ነጥብ ይጠይቃል፤ እኛ «ስንት ነው ኪሎው?» ብለን እንመለሳለን።

አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ከ6 እስከ 7 ኪሎ ቀይ እሸት ይፈልጋል። ይህን ለልጆቻችሁ ጫካው ውስጥ ሆናችሁ አሳዩአቸው፤ እሸት እየለቀሙ ይቁጠሩ። ቤት ስትመለሱ የቡና ነጋዴያችሁን «ይህ የየት ቡና ነው? የጫካ ነው ወይስ የጓሮ? በአልጋ የደረቀ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ላይኖረው ይችላል። አሥር ደንበኛ ከጠየቀው ግን እሱም አቅራቢውን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ እየቆሉ አሽገው የሚሸጡ ወጣቶችም የቦታውን ስም ማሸጊያው ላይ ለመጻፍ የሚደፍሩት ስሙን ፈልጎ የሚገዛ ሲያገኙ ነው።

ለጉዞው

ለቀማውን ለማየት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሂዱ። ከፋ ዝናብ አይለየውም፤ የዝናብ ልብስና ለጭቃ የሚሆን ጫማ ያዙ። የተሻለ ማደሪያ ያለው ቦንጋ ስለሆነ ዋጫን በማለዳ ወጥታችሁ ውላችሁ ተመለሱ። ከመነሣታችሁ በፊት የዋጫን የገበያ ቀን ቦንጋ ላይ አጣሩ፤ ከተማዋ ደምቃ የምትታየው በገበያ ቀን ነው። ጫካ ስትገቡ ያለ አስጎብኚ አትግቡ፤ ክፍያውም ለአካባቢው ሰው ገቢ ነው። ሰው ቤት ቡና ከተጠራችሁ አትቸኩሉ፤ በከፋ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ነው፤ ልጆቹ ይህችን ቃል ይዘው ቢገቡ አስተናጋጆቻቸው ደስ ይላቸዋል።

ስትመለሱ ኮረሪማና ማር ግዙ። ከባሕላዊ ቀፎ በአንድ ቆረጣ የሚገኘው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ያህል ነው፤ ሰውየውም ለዚያ ሌሊት ረጅም ዛፍ ይወጣል። ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ ትንሽ ቀነስ አድርጉት። ነጩ ማር ጌተም አብቦ ካለፈ በኋላ የሚቆረጥ ስለሆነ በሁሉም ወቅት አይገኝም። ካገኛችሁ ግን ለቤት የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም የሚሆነውን ያዙ፤ ማሰሮው ላይም «የዋጫ ማር» ብላችሁ ጻፉበት።